የእህሉ መርከብና የዘሩ ከረጢት አብረው ይጓዙ

ግልጽ ደብዳቤ

ለምግብ ድጋፍ ኮንቬንሽን አባል መንግሥታት፣
ለዓለም የምግብ ፕሮግራም የሥራ አመራር ቦርድ፣
በሕዝብ ገንዘብ ለሚተዳደሩ የግብርና ምርምር ተቋማት በሙሉ፣

ጉዳዩ፦ የምግብ ዕርዳታና የግብርና ሳይንስ ዕውቀት በአንድ ዕቅድና በአንድ በጀት እንዲመሩ ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

ረሃብ በገባበት የገበሬ ቤት ከሁሉ በኋላ የሚነካው እህል ለዘር የተቀመጠው ነው። ከአዝመራው ተመርጦና ተበጥሮ፣ ከሚበላው ተለይቶ፣ አፉ ታስሮ በአንድ ጥግ የተቀመጠ ከረጢት ነው። ቤተሰቡ በመጀመሪያ በቀን ከሦስት ጊዜ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ ጊዜ ምግብ ይወርዳል፤ ቀጥሎ ከብቱን ይሸጣል፤ ከዚያም ይበደራል። ይህ ሁሉ አልበቃ ሲል ያ ከረጢት ይፈታል። በተፈታበት ዕለት ልጆቹ ይበላሉ፤ ነገር ግን የዘንድሮው ረሃብ ወደ ከርሞ ተሻገረ ማለት ነው፤ ዝናቡ ጊዜውን ጠብቆ ቢመጣ እንኳ መሬት ላይ የሚወድቅ ዘር የለምና።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በዚያ ከረጢት ምክንያት ነው። የምግብ ዕርዳታ በወቅቱ ሲደርስ ከረጢቱ ሳይፈታ ይቆያል፤ የሳይንስ ዕውቀት ደግሞ በውስጡ ያለው ዘር ድርቁን፣ ጎርፉን፣ ዋጉንና ተባዩን እንዲቋቋም ያደርገዋል። ለገበሬው ሁለቱ አንድ ጉዳይ ናቸው። በእናንተ ዘንድ ግን አንዱ በአስቸኳይ ጊዜ ክፍል፣ ሌላው በምርምር ክፍል የተያዙ፣ በተለያየ በጀትና በተለያየ የጊዜ ሰሌዳ የሚመሩ፣ እርስ በርሳቸውም እምብዛም የማይገናኙ ሥራዎች ሆነው ቀርተዋል። ልመናዬ ይህ መለያየት እንዲያበቃ ነው። (በደብዳቤው የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በጋራ ያወጡት የ2025 ሪፖርት እንደሚገልጸው፣ በ2024 ከዓለም ሕዝብ 8.2 በመቶ የሚሆነው፣ ማለትም 673 ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብ ውስጥ ኖሯል። በዚያው ዓመት በ53 አገሮችና ግዛቶች ከ295 ሚሊዮን በላይ ሰዎች አስቸኳይ ድጋፍ እስኪያሻቸው ድረስ የምግብ እጦት ጸንቶባቸው ነበር። ይህ የሆነው ምድር የምታበላው አጥታ አይደለም። ህንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን በ1943 ቤንጋልን የፈጀውን ረሃብ መርምሮ እንዳሳየው፣ ሰው በረሃብ የሚያልቀው እህል ከገበያ ስለጠፋ ብቻ ሳይሆን እህሉን የሚያገኝበት አቅም ስላጣም ነው። እጅግ የከፋው ረሃብ ደግሞ ጦርነት ባለበት ቦታ እንደሚገኝ ታውቃላችሁ፤ የጸጥታው ምክር ቤት በ2018 በውሳኔ ቁጥር 2417 ሰላማዊ ሰዎችን ማስራብ የጦርነት ስልት መሆኑን ያወገዘውም ይህንኑ አይቶ ነው። እህል የጫነ መኪና በኬላ ሲታገድ የትኛውም የተሻሻለ ዝርያ አይደርስለትም፤ ስለዚህ ሳይንስ ብቻውን ረሃብን ያጠፋል ብዬ አልሟገትም። የምሟገተው ዕርዳታውም ዕውቀቱም በእጃችን እያሉ፣ ለየብቻ ስለተላኩ ብቻ ከጥቅማቸው እኩሌታው እንዳይባክን ነው።

ሁለቱ አብረው ሲመጡ ምን እንደሚሆን ዓለም አንድ ጊዜ በግልጽ አይታለች። በ1960ዎቹ አጋማሽ ህንድ በተከታታይ ድርቅ ተመታች። አሜሪካ በ1954 ባወጣችውና ፒ.ኤል. 480 ተብሎ በሚታወቀው ሕግ መሠረት ስንዴ በመርከብ ትልክ ነበር፤ በ1966 ከአሜሪካ የስንዴ ምርት አንድ አምስተኛ ያህሉ ወደ ህንድ ተጓዘ። በዚያው በ1966 ህንድ ከሜክሲኮ 18,000 ቶን የስንዴ ዘር ገዝታ አስገባች። ዘሩ አገዳው አጭር የሆነ፣ ማዳበሪያ ሲያገኝ ፍሬው ከብዶ የማይጋደም ዓይነት ነበር። የዕርዳታው እህል ለሕዝቡ ፋታ ሰጠ፤ ዘሩም በዚያ ፋታ ውስጥ ተዘራ፣ ተባዛ፣ ከገበሬ ወደ ገበሬ ተላለፈ። በ1965 ወደ 12.3 ሚሊዮን ቶን የነበረው የአገሪቱ የስንዴ ምርት በ1970 20.1 ሚሊዮን ቶን ደረሰ። በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የሚበላው አጥቶ ባለበት ወቅት ያ ሁሉ ስንዴ ከእጅ ወደ አፍ ሳይሆን ወደ ማሳ መሄድ የቻለው፣ የሚበላው እህል በሌላ መርከብ ስለመጣ ነው። ታሪኩ ጉድፍ የለውም አልልም። የአሜሪካ መንግሥት በወቅቱ እህሉን በፖለቲካ ምክንያት በወር በወር እየቆነጠረ ይለቅ ነበር፤ በኋላም ፑንጃብን በመሰሉ አካባቢዎች የከርሰ ምድር ውኃው ከመጠን በላይ ተመጥጧል። ሆኖም የእህሉና የዘሩ መገናኘት ያስገኘውን ውጤት እነዚህ ጥፋቶች አይሽሩትም።

ያ ዘር የማን ነበር? ይህን ጥያቄ ለምርምር ተቋማቱ በተለይ አነሳዋለሁ። የአጭርነቱ ባሕርይ የመጣው በጃፓን ተዳቅሎ በ1935 ለገበሬ ከወጣው ኖሪን 10 ከተባለ ዝርያ ነው። ኖሪን 10 ራሱ የተገኘው ዳሩማ የተባለው የጃፓን አጭር ስንዴ ፉልትዝና ተርኪ ሬድ ከተባሉ ሁለት ከአሜሪካ ከመጡ ዝርያዎች ጋር ተዳቅሎ ነው፤ ተርኪ ሬድ ደግሞ ወደ አሜሪካ የገባው ከሩሲያ ግዛት በተሰደዱ ገበሬዎች እጅ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ በ1946 አንድ አሜሪካዊ ባለሙያ የኖሪን 10ን ዘር ከጃፓን ወሰደ፤ ኦርቪል ቮገል በዋሽንግተን ግዛት አዳቀለው፤ ከዚያም ሜክሲኮ ለነበረው ለኖርማን ቦርሎግ ላከለት። ቦርሎግ ከሜክሲኮ ባልደረቦቹ ጋር የዋግ መቋቋም ባሕርይ ጨመረበት፤ ዘሩም ወደ ህንድና ወደ ፓኪስታን ተሻገረ። በዚህ ጉዞ ውስጥ ከነዚህ እጆች አንዱ እንኳ «የእኔ ነው፣ አይወጣም» ብሎ ቢዘጋ ኖሮ ሰንሰለቱ እዚያው ላይ ይበጠስ ነበር። ቦርሎግ በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲቀበል የተከበረው የአንድ ሰው ድካም ብቻ አልነበረም፤ ከአህጉር ወደ አህጉር በፖስታ የተላከ የጥቂት ፍሬ ዘር ልውውጥም ጭምር ነበር።

እንዲህ ያለው ልውውጥ ዛሬ ከዚያን ጊዜው ይልቅ ከባድ ሆኗል። በ2001 ጸድቆ በ2004 ሥራ ላይ የዋለው የዕፅዋት ዘረመል ሀብት ዓለም አቀፍ ስምምነት 64 የሰብልና የመኖ ዓይነቶችን በጋራ ሥርዓት ውስጥ አስገብቶ በአንድ መደበኛ ውል እንዲዘዋወሩ አድርጓል፤ ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ከዝርዝሩ ውጭ የቀሩት ሰብሎች ግን ብዙዎች ናቸው፤ ከነሱም መካከል ድሃው የሚመገባቸው አሉ። የምርምር ጽሑፎችም እንዲሁ ናቸው። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት በክፍያ በተዘጋ መጽሔት ላይ ታትሞ ሲቀር፣ ችግሩ ላለበት አገር ተመራማሪ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» ይሆንበታል። ከ2003 ጀምሮ በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የሚመራው አጎራ የተባለው ፕሮግራም አነስተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ተቋማት የግብርና መጽሔቶችን በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ ማቅረቡ ይመሰገናል። ቢሆንም በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ላይ የተከፈተ ጽሑፍ ማሳ ዳር ለቆመው የልማት ሠራተኛ ተከፍቷል ማለት አይደለም። እሱ የሚሠራበት ቋንቋ ሌላ ነው፤ የሚፈልገውም አርባ ገጽ ጥናት ሳይሆን መቼ እንደሚዘራ፣ በምን ያህል ርቀት እንደሚዘራ፣ በሽታው ሲታይ ምን እንደሚደረግ የሚነግረው አንድ ገጽ ነው። ያንን አንድ ገጽ ለመጻፍ ገንዘብ የሚመድብ በጀት እስካሁን አላየሁም፤ ለእኔ ከሁሉም ጎዶሎዎች የከፋው ይህ ነው።

ዕውቀት ዕርዳታ ነው ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በሁለት ትናንሽ ዕቃዎች ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው የሕፃን ክንድ መለኪያ ነው። ወረቀት የሚያህል ቀጭን ፕላስቲክ ሲሆን ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ባለው ሕፃን ግራ ክንድ መሃል ላይ ይጠመጠማል፤ ዙሪያው ከ115 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ንባቡ ቀዩ ላይ ያርፋል፣ ሕፃኑም በከፍተኛ አጣዳፊ የምግብ እጥረት ተይዟል ማለት ነው። ፊደል ያልቆጠረች እናት በቀለሙ ብቻ ልታነበው ትችላለች። ከዚያ መለኪያ ጀርባ ለዓመታት የተለቀመ የሕፃናት ክብደት፣ ቁመትና የሞት መረጃ አለ፤ ሁሉም ተጨምቆ አንድ ቀጭን መስመር ሆነ። ቀዩ ላይ ያረፈው ሕፃን የሚሰጠው ደግሞ በ1996 አንድሬ ብሪያንድ የተባሉ ፈረንሳዊ ሐኪምና አንድ የምግብ መሐንዲስ ያዘጋጁት ከኦቾሎኒ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከስኳር፣ ከዘይትና ከቫይታሚኖች የተቀመመ፣ እንደ ሊጥ የለሰለሰ ምግብ ነው። አንዱ ፓኬት 92 ግራም ሲሆን 500 ካሎሪ ያህል ይይዛል። ከዚያ በፊት የሕክምናው ወተት በንጹሕ ውኃ መበጥበጥ ስለነበረበት ልጁ በሐኪም ቤት መተኛት ነበረበት፤ ይህኛው ግን ውኃም ማብሰልም ማቀዝቀዣም አይፈልግም፣ እናት ጥጉን ቀዳ በቤቷ ታበላዋለች። የዓለም የጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት አካላት በ2007 ሕክምናው በቤት ውስጥ እንዲሰጥ በጋራ አሳሰቡ። ይህ ፓኬት ምግብ ነው ወይስ ሳይንስ? በየትኛው በጀት ነው የምታስቀምጡት?

ሁለተኛው ከረጢት ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በካሜሩን የተጀመረ ምርምር ካውፒ ለተባለው ጥራጥሬ ያወጣው፣ በኋላ ለሌሎችም እህሎች የዋለ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ነው፤ ሁለቱ የውስጥ ሽፋኖች ወፍራም ፕላስቲክ፣ የውጪው ደግሞ የተለመደው የተሸመነ ማዳበሪያ ነው። እህሉ በደንብ ደርቆ ይገባና እያንዳንዱ ሽፋን አየሩ ተጨምቆ ወጥቶ ለየብቻው ይታሰራል። በውስጡ የቀረው ነቀዝ ያለውን ኦክስጅን ተንፍሶ ይጨርሳል፤ ከዚያም መብላትና መራባት ያቆማል። መድኃኒት አያስፈልግም፣ መርዝ አይገባም። ዓለም ከሚመረተው ምግብ 13 በመቶ ያህሉ ከአዝመራ በኋላ ገበያ ሳይደርስ እንደሚጠፋ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ይገምታል። እህል በሚታደልበት ጣቢያ ይህ ከረጢትና አጠቃቀሙን የሚያሳይ አንድ ሰው ለምን አይኖሩም?

አብሮ መላክ እንደሚቻል ማስረጃው አለ። በማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ ምግቡን የሚመጥጠውን አቀንጭራን ትውልደ ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ገቢሳ እጀታ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሲያጠኑ፣ የአረሙ ዘር ከማሽላው ሥር የሚወጣ ኬሚካዊ ምልክት ካላገኘ እንደማይበቅል መሠረት አድርገው፣ ምልክቱን እምብዛም የማይሰጡ ዝርያዎችን አወጡ። በ1994 ስምንት ቶን ያህል የዚህ ዘር በአንድ የዕርዳታ ድርጅት አማካይነት ለ12 የአፍሪካ አገሮች ተከፋፈለ። ፕሮፌሰሩ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ለእኔ ግን ከሽልማቱ ይልቅ የሚገርመኝ የማከፋፈያው መንገድ ነው፤ እህል የሚያድለው እጅ ዘሩንም አደለ። ይህ አሠራር በአንድ ወቅት የታየ በጎ ነገር ሆኖ እንዲቀር ሳይሆን መደበኛ ሥርዓት እንዲሆን እጠይቃለሁ።

አሁን ስለ እህሉ አካሄድ ልናገር። የአሜሪካ ምክር ቤት የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2009 ባወጣው ሪፖርት፣ ከአሜሪካ በመርከብ የተላከ እህል ወደ አሥር የአፍሪካ አገሮች ለመድረስ በአማካይ 147 ቀን ሲወስድበት፣ እዚያው አገር ውስጥ የተገዛው 35 ቀን፣ ከጎረቤት አገር የተገዛው ደግሞ 41 ቀን እንደወሰደበት አሳይቷል፤ በአካባቢው የተገዛው እህል ወጪም ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች 34 በመቶ ያነሰ ነበር። በ147 ቀን ውስጥ የዘር ጊዜ ይመጣል፣ ያልፋልም። ካናዳ በ2008 የምግብ ዕርዳታዋን ከራሷ ምርት ጋር ማሰሯን ሙሉ በሙሉ ትታለች። ገበያው እህል ካለው ጥሬ ገንዘብ፣ ከሌለው ከቅርብ የተገዛ እህል፣ ሁለቱም ካልተቻሉ መርከብ፤ ቅደም ተከተሉ ይህ ሊሆን ይገባል። ዕርዳታ ሰውን ጥገኛ ያደርጋል የሚሉ አሉ። ዘግይቶ በአዝመራ ሰሞን ደርሶ የገበሬውን ዋጋ የሚሰብር እህል በእርግጥ ይጎዳል፤ በሰዓቱ ደርሶ የዘሩን ከረጢት ያዳነ እህል ግን ሰውን በራሱ ማሳ ላይ ያቆየዋል።

ስለ ማስጠንቀቂያም እንዲሁ። በ1985 በአሜሪካ መንግሥት የተቋቋመው ፊውስ ኔት የተባለው የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ከ2010 ክረምት ጀምሮ በአፍሪካ ቀንድ ሊመጣ ያለውን ደጋግሞ ተናግሯል። በሶማሊያ ረሃብ በይፋ የታወጀው ጁላይ 20 ቀን 2011 ነበር። በኋላ የተደረገው ጥናት 258,000 ያህል ሰዎች እንደሞቱ፣ ከነሱም ግማሽ ያህሉ ከአምስት ዓመት በታች እንደነበሩ ገምቷል፤ ብዙዎቹ ያረፉት ገና ሳይታወጅ ነው። ረሃብ የሚታወጀው፣ ከሌሎች መስፈርቶች ጋር፣ ከ100 ሕፃናት 30ዎቹ በአጣዳፊ የምግብ እጥረት ሲያዙና ከ10,000 ሰው በቀን ሁለት ሲሞት ነው። ስለዚህ አዋጁ የሚቆጥረው የሞተውን ነው፤ አዋጁን ጠብቆ ገንዘብ መልቀቅ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው። ሳይንሱ ሥራውን ሠርቶ ነበር፤ የጎደለው ትንበያውን ከገንዘብ ጋር የሚያስር ውል ነው።

ይህን የምጽፈው ነገሩ ወደ ኋላ በተመለሰበት ጊዜ ነው። በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ ሲቋረጥ ያው ፊውስ ኔት ለወራት ጸጥ አለ፤ ከታዳጊ አገሮች ተመራማሪዎች ጋር ይሠሩ ከነበሩት የዩኒቨርሲቲ የግብርና ምርምር ቡድኖች አብዛኞቹ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተዘጉ። የዓለም የምግብ ፕሮግራም ገቢም ከቀዳሚው ዓመት 40 በመቶ ያህል እንደሚወርድ ተነገረ። ሌሎች ለጋሾችም ቀንሰዋል። የተቋረጠ እህል ሲመለስ ይመለሳል። የተቋረጠ የዝርያ ሙከራ ግን የዓመታት መስመሩን ያጣል፤ በዘር ባንክ ያለ ናሙና በየጊዜው ተዘርቶ ካልታደሰ የመብቀል ኃይሉ ይሞታል፤ የሠለጠነው ሰው ሌላ ሥራ ይዞ ይሄዳል። በሶርያ ጦርነት ምክንያት ከሐለብ አጠገብ ካለው የዘር ባንኩ የተነጠለው ኢካርዳ የተባለ የደረቅ አካባቢዎች ዓለም አቀፍ የግብርና ምርምር ማዕከል፣ በ2015 በኖርዌይ ስቫልባርድ በሚገኘው የዓለም የዘር መጋዘን ያስቀመጠውን መጠባበቂያ አውጥቶ በሊባኖስና በሞሮኮ እንደገና ማባዛት የቻለው፣ ሰላም በነበረ ጊዜ አርቆ ያሰበ ሰው ቅጂውን ልኮ ስለነበር ብቻ ነው።

ስለዚህ ክቡራንና ክቡራት፣ ጥያቄዬ እንደሚከተለው ነው። የኮንቬንሽኑ አባል መንግሥታት በየዓመቱ የምትገቡት ዝቅተኛ የድጋፍ ቃል ከእህልና ከገንዘብ በተጨማሪ ለዘር፣ ለማከማቻ፣ ለበሽታ ክትትልና ለማስተማሪያ የሚውል ቁርጥ ያለ ድርሻ ይኑረው፤ ከመቶ አምስት እንኳ ቢሆን ለመጀመሪያ ይበቃል። የተወሰነ የትንበያ ደረጃ ሲደረስ ገንዘቡ ያለ ተጨማሪ ስብሰባ እንዲለቀቅ አስቀድማችሁ ፈርሙ። የዓለም የንግድ ድርጅት አባላት በሰኔ 2022 የዓለም የምግብ ፕሮግራም ለሰብዓዊ ዕርዳታ በሚገዛው ምግብ ላይ የወጪ ንግድ ዕገዳ እንዳይጥሉ ተስማምተዋል፤ ለዘር ናሙናና ለሰብል በሽታ መረጃም ተመሳሳይ ከለላ ስጡ። በ1999 ስሙ የተሰጠው ዩጂ99 የተባለው የስንዴ የግንድ ዋግ ከኡጋንዳ ተነስቶ ድንበር ሲሻገር ቪዛ አልጠየቀም፤ የሚከተለው መረጃም ሊታገድ አይገባም። የምርምር ተቋማት ሆይ፣ በሕዝብ ገንዘብ የወጣ ውጤት በታተመበት ቀን ለሁሉም ክፍት ይሁን፤ ከእያንዳንዱም ጋር ገበሬው በሚናገረው ቋንቋ የተጻፈው አንድ ገጽ ይኑር፣ ለተርጓሚውም ክፍያ ከጥናቱ በጀት ይያዝለት።

ሌኒንግራድ በ1941 ከተከበበች በኋላ ሶቪየታዊው የዕፅዋት ሳይንቲስት ኒኮላይ ቫቪሎቭ ይመራው ከነበረው የዕፅዋት ተቋም ሠራተኞች በርካቶቹ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበውን የዘር ክምችት ሲጠብቁ በረሃብ ሞተዋል፤ የሩዝ ስብስቡ ኃላፊ የነበረው ሳይንቲስት በእጁ ያለውን ሩዝ ሳይነካ ሞተ። ከማንም ገበሬ፣ ከማንም ተመራማሪ እንዲህ ያለ መሥዋዕትነት የሚጠበቅበት ጊዜ ሊኖር አይገባም። በእናንተ መጋዘን ያለው እህል በሰዓቱ ከተንቀሳቀሰ የዘሩን ከረጢት ለማዳን መራብ ያለበት ሰው የለም።

ጉዳዩ በሚቀጥለው መደበኛ ስብሰባችሁ አጀንዳ ሆኖ እንዲያዝና የደረሳችሁበት ውሳኔ በይፋ እንዲገለጽ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የምግብ ዕርዳታንና የግብርና ምርምርን ጉዳይ በቅርብ የሚከታተል አንድ ዜጋ